የጣራ ውሃ ማጠራቀም፦ ታንከር ከመግዛት በፊት ምን ይቅደም?

ሰገነት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጣራው ከላይ ሲታይ 10 በ8 ሜትር ነው፤ ባለ ሁለት ተዳፋት፣ አዲስ ቆርቆሮ። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 900 ሚሊ ሜትር ሲሆን 4 ወር ሙሉ ጠብ አይልም። ነዋሪው 5 ሰው ነው። ሐሳቡ ባለ 10,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር ገዝቶ ውሃውን ለልብስ፣ ለወለል ጽዳት፣ ለሽንት ቤትና ለጓሮ አትክልት ማዋል ነው። 10,000 ይበቃል? የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚያስወግደው ነገር የግድ ነው ወይስ ወንፊት ብቻ ይበቃል? ለመጠጥስ ይሆናል?

ባለውሃልክ፦
ከስሌቱ እንጀምር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የሚቆጠረው የቆርቆሮው ስፋት ሳይሆን ጣራው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው፤ ጣራው ተዳፋቱ ስለበዛ ብቻ ተጨማሪ ዝናብ አይቀበልም። ከቆርቆሮ ላይ በትነትና በፍንጣቂ የሚጠፋውን ቀንሶ 0.8 መያዝ ይሻላል። ስለዚህ 80 × 900 × 0.8 = 57,600 ሊትር በዓመት። ይህ ከፍተኛው ነው፤ ከዚህ በላይ የትኛውም ታንከር አይሰጥም።

አሁን ፍጆታውን እንይ። ለልብስና ለጽዳት በሰው 20 ሊትር ቢያዝ በቀን 100 ሊትር ይሆናል። 120 ደረቅ ቀን ሲባዛ 12,000 ሊትር። ሽንት ቤቱ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል፦ 5 ሰው × 4 ጊዜ × 6 ሊትር ሌላ 120 ሊትር ነው። በቀን 220፣ በዓመት 80,300። ጣራው ራሱ ይህን አያወጣም፤ የታንከር ጉዳይ አይደለም። ሽንት ቤቱን ታንከሩ እየሞላ በሚተርፍበት ወር ብቻ ከዝናብ ውሃ ማገናኘት፣ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ወደ መደበኛው መስመር መመለስ ነው የሚያዋጣው።

ሌላም አለ። ዝናብ ያለበት ወር ሁሉ የዝናብ ወር አይደለም። በወር 40 ሚሊ ሜትር ከዘነበ የሚገባው 40 × 80 × 0.8 = 2,560 ሊትር ሲሆን ፍጆታው 3,000 ነው። ያ ወር ከታንከሩ 440 ሊትር ይበላል። ስለዚህ የየወሩን ዝናብ በተራ ጽፋችሁ፣ የገባውን ደምራችሁ፣ የወጣውን ቀንሳችሁ፣ ትልቁ ጉድለት ስንት እንደደረሰ እዩ። የታንከሩ መጠን እሱ ነው። ከታች የሚቀረውን፣ የማይቀዳውን ደለል ያዘለ ውሃ ለማካካስ 10 በመቶ ይጨመርበት። በሰጡት ቁጥር 10,000 ያንሳል፤ 14,000 ግድም ሊያደርስዎ ይችላል። ለጓሮው ገና ምንም አልያዝንም።

አሸንዳ፦
ባለውሃልክ ያስቀመጠው ቁጥር የሚሠራው አሸንዳው ውሃውን ከያዘው ነው። ብዙ ቤት ላይ ታንከሩ ከአሸንዳው ቀድሞ ይገዛና በኃይለኛው ዝናብ ግማሹ ውሃ አሸንዳውን ዘሎ መሬት ይወርዳል።

ስፋቱ፦ ቢያንስ ለ1 ካሬ ሜትር ጣራ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአሸንዳ ውስጥ ስፋት። አንዱ ተዳፋት 40 ካሬ ሜትር ስለሆነ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው። አፉ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ አሸንዳ 56 ገደማ ስለሚሆን ያንን ይውሰዱ። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ከአንዱ ተዳፋት በሰከንድ 1.1 ሊትር ያወርዳል። ዓመታዊው አማካይ ትንሽ ቢሆንም አሸንዳው የሚፈተነው በዚያች ሩብ ሰዓት ነው።

ተዳፋቱ፦ በ2 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር። «በደንብ ይፍሰስ» ተብሎ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሲሰጠው 10 ሜትር አሸንዳ መጨረሻው ላይ ከቆርቆሮው ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ነፋስ ያለበት ዝናብ በዚያ ክፍተት ያልፋል። መውረጃውን ጫፍ ላይ ከማድረግ መሃል ላይ ማድረግ ይሻላል። በሁለቱም ወገን 5 ሜትር ብቻ ስለሚሆን ዝቅታው 2.5 ሴንቲ ላይ ይቆማል።

ሲሰቀል መጀመሪያ ሁለቱ ጫፎች በውሃ ልክ ይለካሉ፣ ሲባጎ ይወጠራል፣ ከዚያ መያዣ ብረቶቹ ሲባጎውን ተከትለው በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይመታሉ። በየሜትሩ ተመትቶ የቆየ አሸንዳ መሃሉ ይሰምጣል፤ የሰመጠው ቦታ ውሃ ያቁራል፣ የቆመው ውሃ ትንኝ ያፈላል። ቆርቆሮው አሸንዳው ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ከዚያ በላይ ከገባ ለማጽዳት እጅ አያስገባም፣ ካነሰ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርደው ውሃ በቆርቆሮው ስር ተመልሶ ሳንቃውን ያበሰብሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመዳብ ላይ የወረደ ውሃ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮንም አልሙኒየምንም ይበላል። ከአሸንዳው በላይ የመዳብ ቧንቧ ወይም ክዳን ካለ መስመሩ ይለወጥ።

ጠብታ፦
በመጀመሪያው ውሃ ማስወገጃ ላይ እኔ ጥርጣሬ አለኝ። ውሃ የሚጠፋበት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚዘንብበት ቀን 1 ሚሊ ሜትሩን መድፋት ሲሶውን መድፋት ነው። ጥሩ ወንፊት መውረጃው ላይ ከተደረገ ምን ይጎድለዋል?

ባለውሃልክ፦
ወንፊት የሚይዘው ቅጠልና ጭራሮ ነው። የወፍ ኩስ፣ ደቃቅ አቧራ፣ ጥላሸት በውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በማንኛውም ወንፊት ያልፋል። ታንከሩን የሚያበላሸው ደግሞ ቅጠሉ ሳይሆን እሱ ነው፤ ታች ይቀመጥና ይቦካል።

መጠኑን በተመለከተ፦ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ሜትር ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ አቁሞ ታቹን መድፈን ነው። ያ ቧንቧ በሜትር 8.5 ሊትር ገደማ ብቻ ይይዛል። ለ80 ካሬ ሜትር ጣራ ይህ 0.1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮውን እንኳን በወጉ አያርስም። ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 40 ሊትር ያስፈልጋል። አቧራማ መንገድ ወይም ወፍ የሚሰፍርበት ዛፍ አጠገብ ካለ፣ ወይም ከረጅም ድርቅ በኋላ ለሚመጣው ዝናብ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከ80 እስከ 160 ሊትር። በባለ 110 ቧንቧ 40 ሊትር ለመያዝ 4.7 ሜትር ስለሚፈልግ ከዚያ በላይ ሲሆን ክዳኑ የሚገጥም ባለ 200 ሊትር በርሜል ይቀላል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአሸንዳው የሚወርደው ቧንቧ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ይገጠማል። የቲው ታች በርሜሉ ውስጥ ይገባል፣ ጎኑ ወደ ታንከሩ ይሄዳል። በርሜሉ ሲሞላ የሚንሳፈፍ ኳስ ከስር ተነስቶ የመግቢያውን አፍ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ወደ ታንከሩ ይታጠፋል። ኳሱ ከመግቢያው አፍ ትንሽ የሚሰፋ ይሁን፣ አፉም ለስላሳና ክብ ይሁን። በመጋዝ ተቆርጦ ጥርስ ያወጣ ቧንቧ ኳሱን አያስገጥምም፤ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል።

አሁን ጭንቅ ያለበት ቦታ፣ ማስወጫዋ ቀዳዳ። በርሜሉ በራሱ ካልተደፋ ቀጣዩ ዝናብ ሞልቶ ያገኘውና ቆሻሻው በቀጥታ ታንከር ይገባል። በእጅ የሚከፈት ቫልቭ ብቻ ከሆነ ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ ቫልቩ እንዳለ ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለች። 1 ሜትር የቆመ ውሃ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሰዓት 70 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ ዝናቡ 3 ሰዓት ከቆየ ብዙ ንጹሕ ውሃ ይፈሳል። በ2 ሚሊ ሜትር ግን 30 ሊትር ያህል ነው፤ ውሃው ዝቅ ሲል ፍሰቱም ስለሚቀንስ 80 ሊትር በ5 ሰዓት ግድም ይደፋል። 2ቱን እመርጣለሁ። ችግሩ መደፈኗ ነው፦ ዘር፣ ላባ፣ የዛገ ቅርፊት ይበቃታል። ስለዚህ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ አትበሱ። እዚያው ጎኑ ላይ በሚገጠም፣ በጥርስ በሚጠመዘዝ ትንሽ ክዳን ላይ ብሱና ክዳኑን ከውስጥ በደቃቅ ወንፊት ሸፍኑት፤ ሲደፈን ፈትቶ አጥቦ መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። ከቀዳዳዋ በታች የሚቀረው ውሃና ደለል በቫልቩ ይለቀቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ ቫልቩን መክፈት አይረሳ፣ አለዚያ ያቺ 5 ሴንቲ ሜትር ትንኝ ታፈላለች።

ጠብታ ያነሣው ውሃ መጥፋት እውነት ነው። መልሱ በዝናብ ወቅት መሃል ጣራው በየቀኑ ሲታጠብ ቀዳዳዋን መዝጋት ነው። በርሜሉ እንደሞላ ስለሚቆይ ምንም አይደፋም። ዝናብ ከ3 ቀን በላይ ሲያቆም በርሜሉን አራግፎ እንደገና መክፈት።

ጠብታ፦
እሺ፣ የምትዘጋዋ ቀዳዳ አሳምናኛለች። በርሜሉ ግን ከታንከሩ መግቢያ ከፍ ማለት አለበት ወይ?

ባለውሃልክ፦
በርሜሉ ራሱ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከፍ የሚለው ቲው ነው፤ ከታንከሩ መግቢያ በላይ ካልሆነ ውሃው አይታጠፍም። የበርሜሉ ክዳን ግን በጎማ መታሸግ አለበት፤ ካልታሸገ ኳሱ ሳይዘጋው በክዳኑ ዙሪያ ያፈሳል።

ሸክላው፦
ታንከሩን በተመለከተ። 14,000 ሊትር ውሃ 14 ቶን ነው። አንድ ትልቅ ታንከር ከማቆም ሁለት ባለ 7,000 ይሻላል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል፣ አንዱ ቢሰነጠቅ ሁሉ አይፈስም። ሁለቱ ከታች በቧንቧ ሲገናኙ መቀመጫቸው በአንድ ልክ ይሁን። አንዱ በ15 ሴንቲ ዝቅ ካለ ዝቅተኛው ቀድሞ ሞልቶ ይፈስና የላይኛው ሁልጊዜ ጎደሎ ይቀራል። የሚያገናኛቸው ቁራጭ ተጣጣፊ ይሁን፤ ታንከር ሲሞላ ትንሽ ስለሚሰፋና መሬቱም ስለሚቀመጥ ደረቅ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። በሁለቱም በኩል ቫልቭ።

መቀመጫው የተጠቀጠቀ መሬት ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ብረት ኮንክሪት ነው። የፕላስቲክ ታንከር ታቹ በሙሉ መደገፍ አለበት። ከስሩ አንዲት ጠጠር ካለች ክብደቱ ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ጠረጴዛ በመሰለ የብረት ማማ ላይ ከተቀመጠም አግዳሚዎቹ መሃል ባዶ እንዳይሆን ሙሉ ሳንቃ ወይም ላሜራ ይነጠፍ።

ውስጡ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ፦ ውሃው ከላይ እየተወረወረ እንዳይገባ። መግቢያው ቧንቧ እስከ ታች ይውረድና መጨረሻው ላይ ሁለት ጎሚቶ (የታጠፈ ማያያዣ) ተገጥሞ አፉ ወደ ላይ ይታጠፍ። እንዲህ ሲሆን የሚገባው ውሃ ከስር ያለውን ደለል አያነሣም። መቅጃው ደግሞ ከታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከተቻለ በተንሳፋፊ የተያዘ ቱቦ ይሁንና ከውሃው ገጽ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቅዳ፤ ንጹሑ ውሃ እዚያ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፈውም ከታች የተኛውም አይነካውም። የደለሉ ማስወጫ ለብቻው በመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ።

ሞልቶ ሲፈስ የሚወጣበት ቧንቧ ከመግቢያው አይነስ። መተንፈሻውና ይህ ቧንቧ ሁለቱም ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ወንፊት ይሸፈኑ። ትንኝ ከእንቁላል ወደ በራሪ ለመድረስ በሞቃት አየር ሳምንት ገደማ ይበቃታል።

ለምለም፦
ታንከር ውስጥ ያለ ውሃ ሲሸት ሁሉም ሰው በረኪና ጨምሩበት ይላል። ምክንያቱን መለየት አይቀድምም?

ሸክላው፦
ይቀድማል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ታች የተከማቸው ቅጠልና ደለል አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው። በረኪናው እዚያው ደለሉ ላይ ያልቃል እንጂ አይፈውሰውም፤ ደለሉን ማውጣት ነው። አረንጓዴ ከሆነና አፈር አፈር የሚሸት ከሆነ ብርሃን እየገባ ነው። ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ታንከር በጥቁር ሸፍኑት ወይም ቀቡት፤ ብርሃን ከሌለ አልጌ አያድግም። ከአዲስ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ የሚወጣ ውሃ እጅን የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የሲሚንቶው አልካሊ ስለሆነ የመጀመሪያው ሙሌት ይደፋ። ብረት ብረት የሚል ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን እዩ፦ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) 5.6 ገደማ፣ ማለትም ትንሽ አሲዳማ ስለሆነ የቆየ ብረትንና መዳብን ቀስ እያለ ይበላል።

ታንከር የሚታጠበው ዝናቡ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፣ ውሃው ዝቅ ስላለ። ሰው ብቻውን ወደ ውስጥ እንዳይገባ እለምናለሁ። የበሰበሰ ደለል ባለበት ዝግ ታንከር ውስጥ አየር ሊያንስ፣ መርዛማ ጋዝም ሊኖር ይችላል፤ ሰው የሚወድቀው ሳያውቀው ነው። ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽና በቱቦ ከውጭ ይታጠብ።

ሰገነት፦
ስለ መጠጡስ?

ለምለም፦
መጀመሪያ ጣራው ይታይ። የአስቤስቶስ ክዳን፣ ያረጀ የእርሳስ ቀለም፣ የእርሳስ ቀለበት ያላቸው የቆዩ ሚስማሮች፣ በእርሳስ የተደፈነ መገጣጠሚያ፣ ሬንጅ የተቀባ ጣራ ካለ ውሃው ለመጠጥ አይታሰብ፤ ማፍላትም ክሎሪንም እርሳስን አያወጡም። አስቤስቶስ ከሆነ ደግሞ በብሩሽ አይፈተግ፣ አይበሳ። የእርስዎ አዲስ ቆርቆሮ ስለሆነ እዚህ ላይ ችግር የለውም፤ ፀሐይ ሲያግለውም ላዩ ላይ ካለው ተሕዋስ ብዙው ይሞታል። ግን ወፍ ስላለ ያልታከመ ውሃ አይጠጣ።

ታንከሩን በሙሉ ማከም ብክነት ነው፤ የሚጠጣው ብቻ ይታከም። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሽታ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ከተገኘ ለ20 ሊትር 0.8 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 16 ጠብታ ገደማ ይገባል። ይህ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ነው። አማስሎ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት፣ በመዋኛ ገንዳ መለኪያም ይታያል። የደፈረሰ ውሃ ቀድሞ በደቃቅ ጨርቅ ይጠለል፣ ድፍርስነት ክሎሪኑን ይበላዋልና። ዕቃው ላይ የተጻፈው መቶኛ ይነበብ፣ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ካልሆነ ማፍላት፦ ሲንፈቀፈቅ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ 3 ደቂቃ። ወይም እስከ 2 ሊትር የሚይዝ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማጋደም፤ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ከደመነ 2 ተከታታይ ቀን።

ጠብታ፦
ቤት እንዲህ ከሆነ ለመሥሪያ ቤት አያዋጣም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከቤት ይልቅ የሚያዋጣው እዚያ ይመስለኛል። 400 ካሬ ሜትር ጣራ በ900 ሚሊ ሜትር ዝናብ 288,000 ሊትር ይሰጣል። 60 ሠራተኛ በቀን 3 ጊዜ በ6 ሊትር ሽንት ቤት ቢያጥብ 1,080 ሊትር ነው፤ በ250 የሥራ ቀን 270,000። መጠጥ ላይ የሚውለውን የታከመ ውሃ ለሽንት ቤት መድፋት ያሳዝናል።

ባለውሃልክ፦
ልክ ነው፣ ግን ዓመታዊው ቁጥር ስለተጠጋጋ ዓመቱን ሁሉ ይሸፍናል ማለት አይደለም። ደረቁን 4 ወር ለመሸፈን ከ80,000 ሊትር በላይ ማጠራቀም ይጠይቃል። እዚያ የሚመከረው ከ5 እስከ 7 ቀን የሚበቃ፣ ከ5,000 እስከ 8,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ማድረግና ሲጎድል ከመደበኛው መስመር መሙላት ነው።

የሚሞላበት መንገድ ላይ ቀልድ የለም። መደበኛው ቧንቧ ከዝናብ ታንከሩ ጋር በቫልቭም ቢሆን በቀጥታ አይገናኝ። መስመሩ ላይ ግፊት ሲወድቅ የታንከሩ ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ የሌላውን ሰው መጠጥ ይበክላል። የሚሞላው ቧንቧ አፍ ታንከሩ ሞልቶ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ፣ በአየር ክፍተት ተለይቶ ይንጠልጠል፤ ክፍተቱ ቢያንስ የቧንቧውን አፍ ስፋት እጥፍ ይሁን። የዝናብ ውሃ ቧንቧዎች በሌላ ቀለም ይቀቡ፣ በየመቅጃው «አይጠጣም» ይጻፍ። ሕንፃውን የሠራው ሰው ሲሄድ ከቀለሙ በስተቀር የሚያስረዳ አይኖርም።

ሰገነት፦
አመሰግናለሁ። እንግዲህ ሁለት ባለ 7,000፣ ሽንት ቤቱ በዝናብ ወቅት ብቻ፣ በርሜል 80 ሊትር ላይ። የቀረው ጥያቄ ሞልቶ የሚፈሰው ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። እና ከዝናቡ በፊት ሥራው ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አሸንዳ፦
ሞልቶ የሚፈሰው ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድም ርቆ፣ ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ወይም በጓሮው ተክል መደብ ውስጥ ይስረግ። መሬቱ ሸክላ ከሆነ መጀመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ጎድጓዳ ተቆፍሮ ውሃ ይሞላና ምን ያህል እንደሚቀንስ ይታይ፤ በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ መስረጊያው አይሠራም፣ ወደ ጎርፍ ቦይ ይመራ። ጓሮው ከታንከሩ በታች ከሆነ ግን በጣም ጥሩ ነው፤ ያለ ፓምፕ ያጠጣሉ።

ለፍተሻው፦ አሸንዳው ከፍ ያለው ጫፍ ላይ 10 ሊትር ውሃ በባልዲ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መሰላል ላይ ወጥቶ ማየት ነው፤ ከጣት ጥፍር ውፍረት በላይ የቆመ ውሃ ካለ እዚያ ያለው መያዣ ብረት ዝቅ ብሏል። ከዚያ በቱቦ መውረጃው ላይ ውሃ እየለቀቁ በርሜሉ እስኪሞላ ይጠበቅ። ኳሱ ሲዘጋ ቲው ላይ ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ፣ ውሃው ወደ ጎን ሲታጠፍ ድምፁ ይለወጣል። ኳሱ ዘግቶም በክዳኑ በኩል የሚያፈስ ከሆነ የክዳኑ ጎማ አልገጠመም ማለት ነው። ከዚያ ቱቦውን ዘግተው በርሜሉ በስንት ሰዓት እንደሚደፋ ይቁጠሩ። ለ80 ሊትር ከ5 ሰዓት በጣም ከዘገየ ቀዳዳዋን እንደገና ይብሷት፣ ከፈጠነ በአዲስ ክዳን በትንሹ ይበሳ።